በአንድ ጋቢ የተቋጠረው ጠመንጃ

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መሆኑን ነው የማውቀው። ጎንደር ፒያሳ የምሠራበት አናጢ ቤት ጣሊያን ትቶት የሄደው ነበር፤ በሩ ላይ የተጻፈውን የባዕድ ፊደል አሠሪዬ በየዓመቱ በኖራ ያጠፋዋል፣ ክረምቱ ደግሞ እያጠበ ይገልጠዋል። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ይሁን ስምንት፣ ልጆቼ ሲጠይቁኝ አንዴ ይህን አንዴ ያንን እላለሁ፤ እነሱም ይስቁብኛል። ወሩ ግን አይጠፋኝም። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሊገባ ተቃርቦ ነበር። ጾሙ ሳይገባ ላገባ ስለነበር ነው ያ ሁሉ ጥድፊያ የመጣው።

እኔ ያኔ ከትክል ድንጋይ የመጣሁ ጎልማሳ ነኝ። የኔታ ዘንድ ዳዊት ጀምሬ ሳልጨርስ ወጣሁ። ሥራዬ በርና መስኮት መግጠም ነበር። ከሰው ጋር ብዙ አልጫወትም፤ መንገድም ብሄድ ብቻዬን ነው የምወደው። ጠመንጃ በትከሻዬ አንግቤ አላውቅም። አገሬው ይህን ሲሰማ እንደ በሽተኛ ያየኝ ነበር።

አሁን ስለ ጠመንጃው ልንገራችሁ። አያ ጀንበሬ የሚባሉ የኮሶዬ ባላገር ነበሩ። ጣሊያን ሲወጣ ለእንግሊዝ ጦር በቅሎ እየነዱ መንገድ መርተው ነበርና አንድ መኮንን ሲሰናበታቸው ጠመንጃ ሰጣቸው። አገሩ እንደሚያውቃቸው ጠመንጃዎች፣ እንደ ምንሽሩና እንደ አልቤኑ አይደለም። ከአፈሙዙ ሥር የእንጨት እጀታ አለው፤ እሱን ወደ ኋላ ስበው ወደ ፊት ሲገፉት «ቸክ ቸክ» ብሎ ይጎርሳል። ጥይቱ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ውስጡ እንደ ሽምብራ ያለ እርሳስ የታጨቀበት ነው። አገሩ «ስበህ ግፋ» ብሎ ስም አወጣለት። ከሁሉ የሚገርመው አፈሙዙ ይወልቃል። አንድ ረዥም፣ አንድ አጭር፣ ሁለት አፈሙዝ ነበረው። ረዥሙ ለቆቅና ለጅግራ፣ አጭሩ ለቤት ጥበቃ። አያ ጀንበሬ አንዱን አውልቀው ሌላውን ሲገጥሙ ለሰው ጀርባቸውን ይሰጡ ስለነበር እንዴት እንደሚገባ ያየ የለም ይባላል።

አያ ጀንበሬ ሲሞቱ ለንስሐ አባታቸው «ጠመንጃዬን ልጆቼ እኩል ይካፈሉት» ብለው ተናዘዙ። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ታላቁ አበጀና እህቱ ጥሩ። በእኛ አገር ርስት ወንድ ሴት ሳይባል እኩል ነው የሚከፈለው። መሬቱን በገመድ ለኩ፣ ላሞቹን በዕጣ ለዩ። ጠመንጃው ላይ ሲደርሱ ሽማግሎቹ ሲከራከሩ ዋሉና በመጨረሻ የጠመንጃውን ገላ ከነሰደፉ ከነቃታው ለአበጀ፣ ሁለቱን አፈሙዞች ለጥሩ ሰጡ። «ያንተ ያለ እሷ አይተኩስም፣ ያንቺም ያለ እሱ አይተኩስም፤ ከዚህ የበለጠ እኩል የለም» ብለው መርቀው ተነሡ።

አበጀ እንቅልፍ አጣ። ረዥም፣ ጠይም፣ ኩሩ ሰው ነው። ለቅሶ ሲሄድ ገላው ጫፍ ላይ ሽመል ሰክቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሙሉ ጠመንጃ አስመስሎ ይሸከመው ጀመር። ጥሩ ደግሞ ሁለቱን አፈሙዞች ከበሯ በላይ ሰቀለቻቸው። ጎረቤቷ አንዱን ለእሳት መንፊያ አውሺኝ ብላት ተኳርፈው እንደነበር ሰምቻለሁ።

እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በጥሩ በኩል ነው። አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች፣ ለራሷ የምትናገር ሴት ነበረች። ሽማግሌ ልኬ እሺ አለችኝ፤ በሰማንያ ልንጋባ ተስማማን። ጠላው ተጠነሰሰ። በዚያው ሰሞን አበጀ ሰደፉ ተሰነጠቀብኝ ብሎ ገላውን ከተማ ድረስ አመጣልኝ። የወደፊት ዘመዴ ነው ብዬ ያለ ዋጋ ሸጋ አድርጌ ጠግኜ መለስሁለት። እሱ ግን ከእህቱ ጣጣ ለመገላገል ትክል ድንጋይ ገበያ ወርዶ ሌላ አፈሙዝ ገዝቶ ኖሯል። ቤቱ ወስዶ ቢሞክረው አልገባ አለው። ቢገፋው፣ ቢያዞረው፣ ቅቤ ቢቀባው እምቢ አለ። ከዚያ ተቀምጦ አሰበና እኔን ከሰሰኝ።

ኮሶዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ የአጥቢያው ዳኛ አያ ካሳው ተቀምጠው ነበር። ጉም ወርዶ ፊታቸው እንኳ በደንብ አይታይም።

«ንጉሥ ይሙት፣ ይህ ሰው ጠመንጃዬን ገድሎብኛል» አለ አበጀ።

«ምኑን ነው የገደለው?» አሉ ዳኛው።

«አፉን። ደህና ሆኖ ሰጠሁት፣ ሽባ አድርጎ መለሰልኝ። አፈሙዝ አይቀበልም።»

«ምነው እንዲያ ያደርጋል?»

«እህቴን ሊያገባ ነዋ። ዝም ያለ ብረት ሆኖ ሲቀርብኝ ተስፋ ቆርጬ ለእሷ እንድለቅላት ነው።»

እኔ ተነሣሁና «አያ ካሳው፣ እኔ የነካሁት እንጨቱን ብቻ ነው» አልሁ።

«እንጨቱ ከብረቱ ጋር አይነካካም?»

«ይነካካል።»

«እንግዲያ ነክተሃል» አሉና ጥሩን አዩ።

ጥሩ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። «የኔ አፈሙዞች ይሞከሩ። የአባቴ አፈሙዝ በአባቴ ጠመንጃ ከገባ ገላው ደህና ነው፤ ሰውየው ንጹሕ ነው። ካልገባ ግን አበጀ እውነቱን ነው። የአባቴን ጠመንጃ የገደለ ሰው ደግሞ አላገባም።»

ይህን ስትል ወደ እኔ አልዞረችም።

«ሸጋ» አሉ ዳኛው። «የት ይሞከር?»

«እሱ ቤት አይሞከርም» አለች ጥሩ። «አፈሙዜ ገብቶ አይወጣም።»

«እሷም ቤት አይሞከርም» አለ አበጀ። «ገላዬ ገብቶ አይወጣም።»

«እዚህም አይሞከርም» አሉ ዳኛው። «እኔ ፊት ከገጠመ ማን ሊያላቅቀው ነው? ደም ይፈሳል። ጎንደር ውረዱ። ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ፈልጉና ይግጠመው፤ አይታችሁ ተመለሱ። አፈሙዞቹን የጥሩ እጮኛ ይያዝ፣ ገላውን አበጀ ይያዝ። አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይዋሽ ቁራኛ ትሆናላችሁ።»

ቁራኛ ዛሬ ቃሉ ብቻ ነው የቀረው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው በልብስ ተቋጥሮ ነበር ነገራቸው እስኪያልቅ አብረው የሚሄዱት። ያኔም ልማዱ ደብዛው እየጠፋ ነበር፤ አያ ካሳው ግን የድሮ ሰው ናቸው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው የእኔን ጋቢ ጫፍ ከአበጀ ጋቢ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት። ጋቢዬ ጥሩ ፈትላ ያሠራችልኝ አዲስ ጋቢ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መንገድ ጀመርን። ከኮሶዬ ጎንደር ቁልቁለቱ ረዥም ነው። አበጀ በሁለት እርምጃ የሚጨርሰውን እኔ ሮጬ ነው የምደርስበት፤ ሲፈጥን ይጎትተኛል፣ ስዘገይ አንገቱ ይታነቃል።

«ምነው እንደ ዔሊ ትንፏቀቃለህ?»

«አያ አበጀ፣ ሁለት አፈሙዝ ተሸክሜአለሁ።»

«እኔ የሞተ ጠመንጃ ተሸክሜ የለ? ሬሳ ይከብዳል።»

ደግሞ የገዛው አፈሙዝም እሱ ጀርባ ላይ ነው፤ ሰውነቱ ሁሉ ብረት ነበር። ሽንት ሲመጣ «ዙር» ይለኛል፣ «ዞሬያለሁ» እለዋለሁ። መንገደኛ ያገኘን እንደሆነ ቆሞ ያየንና «ማን ማንን ነው የያዘው?» ይላል። ሁለታችንም በአንድ አፍ «እኔ እሱን» እንላለን።

ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ፖሊሱ ከአበጀ ጋቢ ሥር ሰደፍ፣ ከእኔ ጋቢ ሥር ሁለት የብረት ጫፍ አየና እጁን ዘረጋ።

«ጠመንጃ ነው የያዛችሁት?»

«አይደለም» አለ አበጀ። «ተካፍለነዋል።»

ፖሊሱ እሱ ያልገባው ነገር ለአለቃው ይግባው ብሎ ጣቢያ ወሰደን። መቶ አለቃው ወጣት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰው ሳይቆጣ የሚውል የማይመስል ሰው ነበር።

«ፈቃድ አላችሁ?»

አበጀ አባቱ ፈቃድ ያወጡበትን ወረቀት ከደረቱ አውጥቶ ሰጠው።

«ጀንበሬ የታሉ?»

«አርፈዋል።»

«እንግዲያ ፈቃድ የለህም።»

«ጠመንጃም የለኝም ጌታዬ። አፈሙዝ የሌለው ጠመንጃ ጠመንጃ ይባላል?»

መቶ አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«እኔ ዘንድማ ቃታ እንኳ የለም ጌታዬ።»

ትንሽ አሰበ። «እስቲ ተራራቁ» አለን። ጋቢው እስኪወጠር ተራራቅን። «አሁን የለም» አለ ለራሱ። «ተጠጉ።» ተጠጋን። «አሁን አለ።» ደግሞ አራራቀን፣ ደግሞ አጠጋጋን። እንዲህ እያደረገን ብዙ ቆየን፤ በሩ ላይ ፖሊሶች ተሰብስበው ያያሉ።

«ይህን ቋጠሮ ፍቱት» አለ በመጨረሻ።

«ዳኛ የቋጠረውን ዳኛ ነው የሚፈታው» አለ አበጀ።

«ቁራኛ እኮ ቀርቷል።»

«መቅረቱ ኮሶዬ አልደረሰም።»

መቶ አለቃው ተናደደ። አበጀን «አንተ የአባትህ ወረቀት አለህ፤ ሂድና ስሙን አዛውር» አለው። በጣቱ ወደ እኔ እያሳየ ደግሞ «ይህ ግን ይቆያል። አፈሙዙን ከየት እንዳመጣው አጣርተን እንፈታዋለን» አለ።

ማጣራት ማለት ስንት ቀን እንደሆነ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። ጾሙ ይገባል፣ ጠላው ይኮመጥጣል፣ ጥሩም ጠመንጃ ገዳይ ነው ብላ ትተወኛለች። ለአበጀ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል አይመጣለትም፤ ጋቢውን ቀድዶ ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም። አየሁት። አላየኝም።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው ክፉ ሰው ነው» አለ። «ጠመንጃዬን ገድሎብኛል። ግን ቁራኛዬ ነው። እሱ ካደረ እኔም አድራለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ሁለታችንም ጣቢያው ግቢ አደርን። ብርዱን አላወራላችሁም። አበጀ ከስልቻው ዳቦ ቆሎ አወጣና ለሁለት ከፈለው። አልበላም ስለው «ብላ፤ በረሃብ ብትሞት ማንን እከሳለሁ?» አለኝ።

ጠዋት መቶ አለቃው ነገሩን በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ መጣ። «የምናደርገውን አግኝቻለሁ» አለ። «አያ ዘውዱ ይሞክሩት። ከገጠመ ጠመንጃ ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዛችኋልና ሁለታችሁም ትታሰራላችሁ። ካልገጠመ ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ በነጻ ትሄዳላችሁ።»

አያ ዘውዱ የጣቢያውን ጠመንጃዎች የሚጠብቁ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን አራግፈው እስኪቀመጡ ድረስ እኔ ነገሩን በጣቴ ቆጠርሁት። ከገጠመ አያ ካሳው ፊት ንጹሕ ነኝ፣ መቶ አለቃው ፊት እስረኛ ነኝ። ካልገጠመ እዚህ ነጻ ነኝ፣ ኮሶዬ ወንጀለኛ ነኝ፣ ጥሩም የለችም። አበጀ ግን ካልገጠመ ሁሉንም ያገኛል፤ ከገጠመ ሁሉንም ያጣል። ለየትኛው እንደምጸልይ ቸግሮኝ ዝም ብዬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ።

አያ ዘውዱ መጀመሪያ ያነሡት አበጀ ከገበያ የገዛውን አፈሙዝ ነው።

«ይህን ምን አይተህ ነው የገዛኸው ልጄ?»

«ሻጩ ከአንድ አገር የመጡ ናቸው አለኝ። ፊደሉም ይመሳሰላል።»

አያ ዘውዱ ከአበጀ አንድ ጥይት ተቀበሉና ጥሩ በሰጠችኝ አፈሙዝ ውስጥ ለቀቁት፤ እስከ ከንፈሩ ገባ። ያንኑ ጥይት አበጀ በገዛው አፈሙዝ ቢሞክሩት አንገቱ ላይ ተሰነቀረ። ሁለቱንም ወደ ፖሊሶቹ አሳዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህትህን ስትድር ሰባት ቤት ቆጥራችሁ አይደለም? ለዚህ አንድ ቤት እንኳ ሳትቆጥርለት ልትድረው ነበር።»

ፖሊሶቹ ሳቁ። አበጀ አልሳቀም። እኔ ግን ልቤ ትንሽ ተነሣ፤ የገዛው ያልገባው በእኔ ጥፋት አልነበረማ። ቀጥሎ የአያ ጀንበሬን ረዥሙን አፈሙዝ ከገላው አገናኙ። ግማሽ መንገድ ገባና ቆመ። ገፉት። ቆመ። አዞሩት፣ ሳሉ፣ ደግመው ገፉት። አጭሩንም ሞከሩ፤ እሱም እንደ ወንድሙ ቆመ።

«እኔ እንጃ» አሉ። «የማውቀው ምንሽርና አልቤን ነው። ይህ አይገጥምም።»

መቶ አለቃው ደስ አለው። «ሸጋ! ጠመንጃ አይደለም፣ ቧንቧ ነው። ይዛችሁ ሂዱ።»

አለቀ ማለት ነው። አበጀ ረታ፤ እኔ ተረታሁ። ብረቴን ልሰበስብ ጎንበስ አልሁ። ጋቢው ግን ጨርሶ አልተንቀሳቀሰም። ቀና ብዬ ባይ አበጀ እንደ ግንድ ቆሟል።

«ምን አሉ?»

«ቧንቧ ነው አልሁ። ነጻ ናችሁ፤ ሂዱ።»

«የአባቴ ጠመንጃ ነው ቧንቧ የሆነው?»

አያ ዘውዱ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ «ተው ልጄ፣ ተፈትተህ የለም?» አሉት። ይመስክርብኝ እግዜር፣ እኔም ጋቢውን እየጎተትሁ «አያ አበጀ፣ ተው እንሂድ» አልሁት። ነጻ የሚያወጣኝ ነገር ሊመጣ ሲል እኔው በገዛ እጄ ስጎትተው ነበር፤ ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

«አባቴ በዚህ ጠመንጃ ነብር ጥለዋል» አለ አበጀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ኮሶዬ ላይ ይህ ጠመንጃ ሲጮኽ ውሻ ሁሉ ዝም ይላል። ቧንቧ ይባላል? አምጡት።»

ገላውን ተቀበለ፤ ከእኔም እጅ ረዥሙን አፈሙዝ ወሰደ። ከዚያ እንደ አባቱ ለሁሉም ጀርባውን ሰጠ። እኔ ግን የተቋጠርሁ ሰው ነኝ፤ አብሬው ዞርሁ። ከመቶ አለቃው፣ ከአያ ዘውዱና ከዚያ ሁሉ ፖሊስ መካከል እጁን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። የእንጨቱን እጀታ ወደ ኋላ ሳበው። አፈሙዙን አስገባ፣ ጥቂት ጠምዘዝ አደረገው። ከሥሩ ያለውን ክዳን አጠበቀ። ያን ያህል ብቻ ነው። አያ ዘውዱ ያላወቁት እጀታውን መሳብ ነበር። አበጀ ልጅ ሳለ አባቱ ጀርባቸውን ሲሰጡ በእግራቸው መካከል አጮልቆ ያየው ነገር መሆኑን ኋላ ነገረኝ።

ዞረና «ቸክ ቸክ» አደረገው።

«ይኸው ረዥሙ» አለ። ጀርባውን ሰጠ፤ እኔም ዞርሁ። «ይኸው አጭሩ።» ደግሞ ዞርን። «ይኸው ረዥሙ።» እንዲህ እየተሽከረከርን፣ እሱ አንዱን አውልቆ ሌላውን እየገጠመ፣ ፖሊሶቹ እልልታ ብቻ ቀራቸው። አበጀ ክሱን ረስቷል፤ እስሩን ረስቷል፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። ከዚያ ድንገት ቆመና አየኝ።

«ገጠመ» አልሁት።

«ዝም በል» አለኝ።

መቶ አለቃው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «አሁን ጠመንጃ ሆነ።»

«ሆነ» አለ አበጀ።

«እንዲያውም ሁለት ሆነ።»

«አንድ ነው ጌታዬ። ልብስ ነው የሚቀይረው።»

«የማን ነው ብዬ ልጻፍ?»

«የኔ» አለ አበጀ። «የጥሩ» አልሁ እኔ።

«ጥሩ ማናት?»

«እህቴ» አለ አበጀ። «እጮኛዬ» አልሁ።

መቶ አለቃው ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ወንድምና እህት፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ የሞተ ሰው ፈቃድ፣ ይህን ሁሉ ጽፎ ለበላይ ሊልክ ነው። አያ ዘውዱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ጌታዬ፣ ከተፈታታ እኮ የለም» አሉት። ቀና ብሎ ሽማግሌውን እንደ ታቦት አያቸው።

«አፍታታው» አለ። አበጀ ጀርባውን ሰጥቶ አፍታታው። «አንተ በመንገዱ ቀኝ፣ አንተ በመንገዱ ግራ። ከከተማው ወጥታችሁ ወለቃን እስክታልፉ ድረስ አትጠጉ። ከተጠጋችሁ ጠመንጃ ነው፤ አስራችኋለሁ።»

«ቋጠሮውስ?» አለ አበጀ።

ስለ ቋጠሮው ክርክሩ እንደገና ተነሣ። በመጨረሻ አበጀ ወገቡ ላይ የሚጠመጥመውን ረዥም ድግ ፈትቶ፣ አንዱን ጫፍ ከጋቢው ሌላ ዳር አስሮ ሌላውን በእጁ ያዘ፤ የዳኛው ቋጠሮ መካከል ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ በመንገዱ አንድ ዳር፣ እሱ በሌላው ዳር፣ ድጉና ጋቢው ጣሊያን በሠራው ሰፊ መንገድ ላይ ተጋድሞ ወጣን። ፖሊስ ከኋላ ቆሞ ያየናል።

ወለቃ ሳንደርስ የጭነት ማኪና መጣ። ሹፌሩ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ቆመ፣ ወረደ፣ ወረቀቶቹን አውጥቶ ለአበጀ ዘረጋለት። አዲስ ኬላ መስሎታል። አበጀ ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቱን ገልብጦ በደንብ አየና «እለፍ» አለው። ድጉን ዝቅ አደረግንለት፤ ሹፌሩ አመስግኖ አለፈ። ያኔ ነው አበጀ ሲስቅ መጀመሪያ ያየሁት። መንገዱ ዳር ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እኔም በዚህኛው ዳር ተቀምጬ ሳቅሁ።

ወለቃን ስናልፍ ተጠጋን። ዳገቱን ተያያዝነው። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ኮሶዬ ላይ የገጠመውን ያየ ከእኛ በቀር የለም።

«አያ አበጀ፣ ለዳኛው ምን ትላለህ?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እውነቱን።»

«አንተ ብቻህን ብትል ማን ያምንሃል?» አለኝ። እርምጃውን ግን አሳጠረው፤ ያን ቀን ዳገቱን ስወጣ አልሮጥሁም።

ከጽዱ ሥር አያ ካሳው፣ ጥሩ፣ መንደርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀን።

«ምን አያችሁ?» አሉ ዳኛው።

እኔ አፌን ሳልከፍት አበጀ «ገጠመ» አለ።

«ማን ገጠመው?»

«እኔ።»

«አንተ ከሳሹ?»

«እኔ ከሳሹ።»

«ምነው ልጄ?»

አበጀ መሬት መሬት እያየ «ቧንቧ ነው አሉኝ» አለ።

አያ ካሳው ነጻ ነህ አሉኝና ቋጠሮውን ሊፈቱ መጡ፤ በጉሙና በላቡ ረጥቦ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። በጥርሳቸውም ሞከሩት። ቢላዋ አምጡ ሲሉ ጥሩ «ጋቢውን አትቅደዱት፣ ደክሜበታለሁ» አለችና በወስፌዋ እየፈለቀቀች ፈታችው። ስትፈታው ለሁለታችንም በአንድ ላይ «ሞኞች» አለችን።

በዚያው ሳምንት ተጋባን። ጠላው ትንሽ ኮምጥጦ ነበር፤ ማንም አላማረረም። ጠመንጃው እንደ ተከፈለ ቀረ። በዓል ሲሆን አበጀ ገላውን አንግቦ ቤታችን ይመጣል፣ ጥሩ አፈሙዞቹን ከግድግዳው ታወርዳለች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይገጥማል፣ ይተኩሳል፣ አፍታቶ ይሄዳል። እጁን ያየሁ እኔ ግን ለማንም ገልጬ አላውቅም፤ ዛሬ ነው የጻፍሁት። ጠመንጃውም ሆነ ባለቤቶቹ አሁን የሉምና አይቆጡኝም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ይህ ሽማግሌ ስለ አንድ ጠመንጃ ይህን ያህል ምን ያስለፈልፈዋል ትሉ ይሆናል። ከዚያ በፊት ብቻውን የሚሄድ ሰው ነበርሁ። ሰው ሲከሰኝ ክፉነቱን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር ስጣላ በምን እንደሚኮራ ቀስ ብዬ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ እውነቱ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። መንደሩ ሽማግሌ ብሎ ሲያስቀምጠኝም የማውቀው ሕግ ያ ብቻ ነበር፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ጥሩ ባትኖር ልጆቼ ባልኖሩ፤ ያ ሁሉ ደግሞ የተንጠለጠለው በጣቢያው ግቢ ዝም ብሎ መሄድ በሚችል ሰው ላይ ነበር። ጣቢያው ላይ ትቶኝ መሄድ ሲችል አብሮኝ ያደረው፣ ዳቦ ቆሎውን ያካፈለኝ፣ ረትቶ ሳለ ራሱን ያስረታው እሱ ነው። ስሙ አበጀ ጀንበሬ ነው።